ወር የሌለው የልደት ዓመት

የትውልድ ዓመትን ከዘንድሮው ቀንሶ ዕድሜ ማስላት ቀላል ቢመስልም፣ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ለምንገለገል ለእኛ ግን ወርና የአቆጣጠሩ ስም ያልተጻፈበት የልደት ዓመት ጎደሎ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው፤ በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1992፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተወለደው ደግሞ 1993 ይጻፍለታል። ለሁሉም በደፈናው 8 የሚደምር ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። «የአንድ ዓመት ስሕተት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል፤ አንደኛ ክፍል በ7፣ የመምረጥ መብት በ18፣ ጡረታ በ60 ዓመት የሚከፈቱ በሮች ናቸውና በእርግጥ ይጎዳል። «አባቶቻችን ዘመናቸውን በጣሊያን ወረራ፣ በ77ቱ ድርቅ እየለኩ ኖረው የለም ወይ?» ለሚለውም፣ ሰውን የሚቀርጸው ያለፈበት ዘመን ስለሆነ ያ ልኬት ትውልድን ለመለየት ከባዶ ቁጥር ይሻላል እላለሁ፤ ለመብትና ለግዴታ ግን አይበቃም። ስለዚህ ልደት የሚመዘግብ ሁሉ ቀኑን፣ ወሩንና አቆጣጠሩን አሟልቶ ይጻፍ።