ከሥራ የተሰናበተ አባወራ የሚጠይቀው

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፥ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አንድ ጎልማሳ ሰው በየማለዳው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አየው ነበር። የምሳ ዕቃውን ከጎኑ አድርጎ እስከ ማታ ይቆይና ከሥራ እንደ ወጣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀርቤ ብጠይቀው፥ ይሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ድርጅት ከተዘጋ አራት ወር እንዳለፈው፥ ይህንንም ለባለቤቱ መንገር አፍሮ፥ ከዕቁቡ የደረሰውን ገንዘብ ደመወዝ እያስመሰለ በየወሩ እንደሚሰጣት ነገረኝ። ከአሠሪው የተቀበለው የመጨረሻ ወሩን ደመወዝ ብቻ ነበር። «ሌላ ምን እጠይቃለሁ?» አለኝ።

ውድ አንባብያን፥ ሥራ ማጣት ነውር አይደለም። ጌታችን በምሳሌ ያስተማረባቸው፥ በአደባባይ እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ቆመው የዋሉት ሠራተኞች የሚቀጥራቸው አጥተው እንጂ ሰንፈው አልነበረም። ነውሩስ ይቅርና፥ ዝምታው የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው፤ መብት በቀን የተቈጠረ ነውና።

በእንግሊዝ አገር በ1911፥ በጀርመንም በ1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጡት ሕጎች ሥራ ላጣ ሠራተኛ ከመድን ገንዘብ የሚከፈል ድጎማ ተጀመረ። በአገራችን እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለፈጸመ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ደንግጎለታል፤ ይኸውም ድርጅቱ ሲዘጋ፥ ሠራተኛ ሲቀነስ፥ ወይም አሠሪው ከሕግ ውጭ ሲያሰናብተው ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ እንኳ አምስት ዓመት ካገለገለና በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ይከፈለዋል።

ሒሳቡን ከዚያው ከዛፉ ሥር ሠራንለት። የሚነሣው ከመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። የእርሱ 200 ብር ነበረ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ 6,000 ብር። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሢሶ፥ 2,000 ብር ይጨመራል። ሰባት ዓመት ስለ ሠራ 18,000 ብር ሆነ፤ (ይህ ድምር ከዐሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም።) ድርጅቱ ፈጽሞ ስለ ተዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፥ 12,000 ብር ይታከልበታል። በጠቅላላው 30,000 ብር፤ ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት ክፍያ ገና ሳይቈጠር! ሰውየው ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አገላብጦ ተመለከተው።

አሠሪው ይህን ሁሉ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል ይገባዋል። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ማዘዟን ስናስብ ሰባት ቀን ብዙ ነው፤ ያም ቢሆን የሚያከብረው ጥቂት ነው። ሠራተኛውም የድርጅቱን ዕቃ በእጁ ይዞ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘምበት ይችላልና፥ ያስረከበበትን ወረቀት ይያዝ። ያላነበበውን አይፈርም። የሥራውን ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

አሠሪው እንቢ ቢል ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ይቀርባል፤ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅበትም። ድርጅቱ ባለ ዕዳ ቢሆን እንኳ የሠራተኛው ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ጊዜው ነው፤ ከስንብት የሚመነጭ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው።

የእኛም ሰው የድርጅቱ ተወካይ ዛሬ ነገ እያለ ስላመላለሰው ሁለቱ ወር ሊያልቅበት ደረሰ። ክሱን ለመጻፍ የቅጥር ደብዳቤውና የደመወዝ ወረቀቶቹ አስፈለጉ፤ እነዚያም በቤት ነበሩ። በንስሐ አባቱ ምክር አንድ ማታ ለባለቤቱ ሁሉን ገለጠላት። እርስዋም በልብሱ ላይ የክር ብናኝ ካየች ወራት ማለፉን፥ እስኪነግራትም ስትጠብቅ መቈየቷን ነገረችው። ተነሥታም ሣጥኑን ከፍታ፥ ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ያኖረችውን የሰባት ዓመት ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት አወጣችለት። መዝገቡ የተከፈተው ስድስቱ ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።