የማይታይ ቍስል

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ ነበር። ስለዚያ ወራት አንዲት እናት በችሎት ስትመሰክር የኋላውን ከፊት አድርጋ ብትናገር፥ እኛ ጸሐፊው ሐሰት መስሎን ታዘብናት። ወዲያው ነፋስ በሩን ቢመታው ከጠረጴዛ ሥር ገባች፤ አፈርን።

የተደጋገመ መከራ የትዝታን ተራ ሊያፋልስ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ሕመም ለብቻው ስም ሰጥቶታል፤ ያለፈው ነገር አሁን እንደሚደረግ ሆኖ መታየቱ፥ ድንጋጤው፥ ቍጣው፥ ራስን መናቁ፥ ከዘመድ መራቁ ምልክቱ ነው።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ! የተጐዳውን ሰው ፈሪ ወይም ዐመለኛ አትበሉት፤ «ንገረን» ብላችሁም አታስጨንቁት። ጠበሉ ይቅር አንልም፤ ሐኪሙም አይቅር።

ለዚያች እናት ዳኛው ውኃ አስቀርበው፥ በሩን በቀስታ አስዘግተው፥ ከምታስታውሰው እንድትጀምር ፈቀዱላት፤ እኛም እንዳለችው ጻፍን።