ከግድቡ በታች ያሉት

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ አንድ ዘመዴ መኪናውን አቁሞ አንዲት ጠባብ ሸለቆ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ውሃውን እዚህ ጋ በአፈር ግድብ ብናቆመው፣ ዓሣ ብንለቅበት፣ ዳር ዳሩን ጎጆ ብንቀልስ፣ ሰው ከባሕር ዳር ሳይቀር ይመጣል» አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩለት። የሦስት መንገድ መገናኛ በሆነችው ወረታ ምሳውን በልቶ የሚያልፈው መንገደኛ፣ አረፍ ብሎ የሚያመሽበት ውሃ ዳር ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

ግን ቁልቁል አየሁ። ከሸለቆው አፍ ጀምሮ ቤት አለ፣ ከቤቱ ቀጥሎ የሩዝ ማሳ።

እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የሆነውን ነገርኩት። ሳውዝ ፎርክ የተባለውን የአፈር ግድብ የያዘው የሀብታሞች የመዝናኛ ክበብ ነበር፤ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊም አባሉ ነበር። ውሃ ማውጫ ቧንቧዎቹን የቀድሞ ባለቤት ነቅሎ ሸጧቸዋል፤ ክበቡም መልሶ አልተከላቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ ደግሞ የጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ጋረዱ። ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ወንፊቱን ግንድና ቅጠል ደፈነው፣ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ። የአፈር ግድብ በአናቱ ውሃ ከፈሰሰበት አፈሩ እየተሸረሸረ ይናዳል። ከታች ያለችው ጆንስታውን ተጠራረገች፤ 2,209 ሰው አለቀ። ክበቡን በኃላፊነት የጠየቀ ፍርድ ቤት አልተገኘም።

ይህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉዳይ ነው። ያንን ግድብ የገደለው ለዓሣና ለሠረገላ የታሰበ ትንሽ ትንሽ ምቾት ነው። የእኛ ዘመድም ያወራኝ ስለ ጎጆና ስለ ዓሣ ነበር፤ ስለ ማስተንፈሻ አንድም ቃል አልወጣውም። አፈሩስ? ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ መንገድ ያበጃል።

«የራሴ ግድብ ነው» ማለትም አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውሃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ወንዝ ለመገደብ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ከፈቃዱም በላይ የታችኞቹ ሰዎች ቃል ያሳስበኛል።

ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ «ጎጆውን ተወው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ተመለስና ጅረቱ የት ድረስ እንደሚሞላ እይ። ከዚያ ወደ ታች ውረድ። በ1998 ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ በዚህ ሸለቆ የወረደው ውሃ እስከየት እንደደረሰ ሽማግሌዎቹን ጠይቃቸው።»