ያልተመዘገበ ልጅ ለአገር ሒሳብ አይገባም

አንድ ኅብረተሰብ ራሱን ከሚያውቅባቸው መንገዶች ዋነኛው፣ በየዓመቱ ስንት ልጅ እንደተወለደለት፣ ስንቱ አድጎ ለቁም ነገር እንደበቃለትና ስንቱን በጨቅላነቱ አፈር እንዳለበሰ ለይቶ ማወቁ ነው። ይህ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። የትምህርት ቤት ወንበር፣ የክትባት መድኃኒት፣ የውሃ ቦኖና ነገ የሚከፈተው የሥራ መስክ ሁሉ የሚለካው በዚሁ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲሳሳት ወንበሩም ይጎድላል፤ መድኃኒቱም ያልቃል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ሠርቶ አደሩ ነው።

ሰፊው ሕዝብ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት የራሱን መዝገብ ይዞ ኖሯል። መዝገቡም ለልጆቹ ያወጣላቸው ስም ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ለጌጥ የወጡ አይደሉም። ካሳ የሚጠየቀው ጉዳት ሲደርስ ነው፤ ምትክ የሚፈለገው የሄደ ሲኖር ነው፤ ማስረሻም የሚያስረሳው ሐዘን ከሌለ ትርጉም የለውም። ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ የተቀበረ ልጅ ወይም የሞተ ወገን አለ። ጥላሁን፣ ደጀኔ፣ መከታ፣ አለኝታ የሚሉትም በበኩላቸው ጡረታ የማያውቀው ገበሬ የእርጅና ዋስትናውን በልጁ ትከሻ ላይ እንዳኖረ ይመሰክራሉ። እንግዲህ ወላጅ ብዙ ልጅ የሚወልደው ካለማወቅ ብቻ ነው የሚለው አባባል ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር አይገናኝም። ከሚወለዱት ውስጥ የሚቀሩት ጥቂቶች በሆኑበት፣ ከልጅ በቀር ጧሪ በሌለበት ኑሮ ብዙ መውለድ የሕልውና ስሌት ነበር።

የኑሮው መሠረት ሲለወጥ ስሌቱም እንደሚለወጥ አኃዞች ያረጋግጣሉ። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። በዚሁ ዘመን አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር ከ5.5 ወደ 4.6 ዝቅ ብሏል። ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶችም ከ100 ከ6 ወደ 35 አድገዋል። የሚወለደው እንደሚያድግለት የተማመነ ወላጅ ምትክ አይሻም። ለውጡን ያመጣው ተግሣጽ ሳይሆን ክትባት፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ነው።

የትምህርትን ድርሻ በተለይ እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ትምህርት ያላገኘች ሴት በአማካይ 5.7 ልጆች ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው የወለደችው 1.9 ነበር። በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3፤ በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአዲስ አበባ 1.8 ተመዝግቧል። ይህን ልዩነት በዘር ወይም በሃይማኖት ለመተርጎም የሚዳዳው ሁሉ ከመነሻው ይስታል። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው የትምህርትና የጤና አገልግሎት እኩል አለመዳረሱ ነው። ሆኖም ዝቅተኛ ቁጥር በራሱ የብልጽግና ምልክት አለመሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ወጣት ትዳሩን የሚያዘገየው በትምህርት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የሥራ እጦትም እጁን ይዘውታል።

ማልቱስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1798 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሕዝብ ቁጥር ከምግብ አቅርቦት ቀድሞ እንደሚሮጥ ተከራክሮ ነበር። የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ሁሉ የድህነትን ተጠያቂነት በድሃው እናት ማሕፀን ላይ ሲጥሉ ኖረዋል። ይህን አመለካከት መቃወም ተገቢ ነው። ነገር ግን ማልቱስን ነቅፎ ቁጥርን መናቅም ሌላ ስሕተት ነው። ሕዝብ ሀብት የሚሆነው ሲማር፣ ጤናው ሲጠበቅና ሲሠራ ነው፤ ይህ ደግሞ ያለ ዕቅድ፣ ዕቅዱም ያለ ቆጠራ ከቶ አይሆንም።

በዚህ ረገድ ያለብን ጉድለት ግልጽ ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976፣ በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጨረሻው ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቆጥሯል። አራተኛው ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወሊድ መጠኑን ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ሲያቅድ፣ በ1982 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ያገኘው መጠን ግን 6.4 ነበር። የመነሻው ቁጥር በዚህን ያህል ሲለያይ የጉዞው ርቀት በምን ይለካል?

መፍትሔው በየቀኑ የሚወለደውን በየቀኑ መመዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ ደንግጓል፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተደረገው ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከ100 ሦስት ብቻ ነበሩ። ከ100 እናቶች 26ቱ ብቻ በጤና ተቋም ይወልዱ ስለነበር፣ የቀሩትን ሕፃናት መወለድ የሚያውቀው ጎረቤት እንጂ መዝገብ አልነበረም።

በዚህ ምክንያት የሚጎዳው ማን ነው? የቤተሰብ ሕጉ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት የ14 ዓመት ልጅ «18 ሞልቷታል» ሲባል በምን ትከራከራለች? የ12 ዓመቱ የቀን ሠራተኛ «15 ነው» ሲባል አሠሪውን ማን ይረታዋል? ሕጉ ጥርስ የሚያወጣው መዝገብ ሲኖር ነው። ያለ መዝገብ ዕድሜን የሚወስነው የጉልበተኛው አንደበት ነው።

ስለሆነም ጉዳዩ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። እድሮቻችን የሞተን ሰው ስም አንድም ቀን ሳያዛንፉ ይመዘግባሉ፤ የተወለደውን ለማስመዝገብ የሚያነሳ ድምፅ ግን በስብሰባቸው ላይ እምብዛም አይሰማም። የአካባቢ ነዋሪዎች ማኅበራት እያንዳንዷን አራስ ሲጠይቁ የገንፎውን ወግ እንደሚያደርሱ ሁሉ የምዝገባውንም ቀን ያስታውሱ። የሠራተኛ ማኅበራትም አባት ለምዝገባ የሚሄድበት ሰዓት ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ከአሠሪዎች ጋር ይነጋገሩ።

በአሜሪካ ከ1880 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተወለዱ ልጆች የወጡት ስሞች በየዓመቱ ተቆጥረው ይታወቃሉ። እኛም ልደትን ሳናጓድል ብንመዘግብ የልጆቻችንን ስም መቁጠር እንችላለን። ያን ጊዜ ካሳና ማስረሻ እየቀነሱ፣ የተስፋ ስሞች እየበዙ መሄዳቸውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ እናውቃለን። እስከዚያው ግን የመጀመሪያው ሥራ በየደጃችን ይጠብቀናል፦ በዚህ ወር በሰፈራችን የተወለደው ልጅ ተመዝግቧልን?