የግራር ሙጫና የብር መድኃኒት

ጥበብ ሁሉ በውድ መሣሪያና በታላቅ ሕንፃ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የጐረቤታችን የሱዳን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚለቅመው የግራር ሙጫ ግን ለዚህ አሳብ መልስ ይሰጣል።

ብር ተሐዋስያንን እንደሚገድል ከታወቀ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ አዲስ የተወለዱትን ሕፃናት በብር ናይትሬት ጠብታ ከዓይን በሽታ መጠበቅ እንደሚቻል አስታውቆ ነበር። ዛሬም ሊቃውንት ብሩን ከሚሊሜትር ዐሥር ሺሕኛ እጅ ወደማይበልጥ ደቃቅ ቅንጣት ይለውጡታል። አሠራሩም ይህ ነው፤ ብር ናይትሬት በውኃ ይሟሟል፤ የግራር ሙጫ ወይም የቅጠል ጭማቂ ተጨምሮበት ጥቂት ይሞቃል። የተክሉ ንጥረ ነገር ጨው የነበረውን ወደ ንጹሕ ብር ይመልሰዋል፤ ቅንጣቶቹንም እንዳይጣበቁ ይሸፍናቸዋል። ውኃውም ቡናማ ይሆናል። ከቅንጣቶቹ የሚወጣው ብር የባክቴሪያውን ሽፋን ይጐዳል፤ የሕይወቱንም ሥራ ያውካል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ ተገምቷል።

ይሁን እንጂ የውኃው ቀለም መለወጥ ፈውስ ተገኘ ማለት አይደለም። ተክል እንደ አፈሩና እንደ ወራቱ ይለያያልና ቅንጣቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም። መጠኑ ሊለካ፣ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ሊመረመር ግድ ነው። ይህ ሳይፈጸም በገበያ መሸጥ ሕዝብን ማታለል ነው። እንግዲህ ሥራው ርካሽ ቢሆንም ማስረጃው ውድ ነው፤ የጸና ቤተ ሙከራና በቦታው የሚቈይ ሰው ይፈልጋል።

ካርቱም ያጣችው ይህንኑ ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣ ጊዜ የሕዝብ ጤና ቤተ ሙከራው በተዋጊዎች እጅ እንደ ወደቀ የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። እንደ አርካዊት ያሉ ሰፈሮች ነዋሪዎቻቸው ሲሰደዱ መምህራንና ተማሪዎችም አብረው ተበተኑ። ቍስለኛው በበዛበት ወራት የቍስል መድኃኒት መርማሪው ተሰደደ።

በእኛም ቈላ ግራሩ ይበቅላል፤ ሙጫውም ይለቀማል። ስለዚህ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለተሰደዱት የሱዳን መርማሪዎች በቤተ ሙከራቸው ስፍራ ሊሰጧቸው ይገባል። የተበተነ ዕውቀት ግን እንደ ሙጫ በየዓመቱ ከዛፍ አይለቀምም።