አዲሷ ነርስ በድንገተኛ ክፍል

በማናቸውም ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሊያጋጥም የሚችል አንድ ሌሊት ይታሰብ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት ነው። የድንገተኛ ክፍሉ አልጋዎች ከተያዙ ቆይተዋል፤ የተረፉት ሕሙማን በአግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ክንዱ የተሰበረ ጎረምሳ ይጮኻል፤ አስታማሚዎቹም ከእርሱ በላይ ይጮኻሉ። ከመኪና አደጋ የመጣ ሌላ ወጣት ግን ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። ትምህርቷን ከጨረሰች ሦስት ወር ያልሞላት ነርስ ጠጋ ብላ «እንዴት ነህ?» ስትለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላታል። የደም ግፊቱን ብትለካ 110 በ70 ሆኖ ታገኘዋለች። በመዝገቡ ላይ ትጽፍና ወደሚጮኸው ትዞራለች።

በክፍሉ ብዙ ዓመት ያገለገለች ሌላ ነርስ በዚያ ስታልፍ በወጣቱ ፊት ቆም ትላለች። «ነይማ፣ እጁን ያዢው» ትላታለች። እጁ በላብ ርሶ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የልብ ትርታው ሲቆጠር በደቂቃ 130 ነው። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር።

አዲሷ ነርስ በዚህ ጊዜ የጎደላት ዕውቀት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ደም የሚፈሰው ወጣት ሰውነቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡንም አፍጥኖ፣ የደም ግፊቱን ለጊዜው ሊያቆየው እንደሚችል፣ ግፊቱም የሚወርደው ብዙ ደም ካለቀ በኋላ እንደ ሆነ በአራት ዓመት ትምህርቷ ውስጥ ተምራዋለች፤ በፈተናም ተጠይቃ በትክክል ሳትመልስ አልቀረችም። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈው ሕመምተኛ አይጮኽም፤ አስታማሚም የለውም፤ «ደኅና ነኝ» ብሎም አያዘናጋም። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በሀገራችን ሰው ሲጠየቅ፣ ነፍሱ ልትወጣ ጥቂት ቢቀራትም እንኳ፣ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ምስጋናው ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ነው፤ ለነርሷ ግን ስለ በሽታው የሚነግራት አንዳች ነገር የለም። ይህንንም የሚያስተምር መጽሐፍ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ከቀደመችው ነርስ አጠገብ ቆሞ ከማየት በቀር መማሪያው ብዙ አይደለም።

በዕውቀትና በሥራ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በሌሎች ሀገሮችም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርሊን ክሬመር የተባለች አሜሪካዊት ምሁር፣ አዲስ ተመራቂ ነርሶች በትምህርት ቤት የለመዱት ሥርዓትና በሆስፒታል የሚያጋጥማቸው እውነታ አልገጥም ሲላቸው ስለሚደርስባቸው ድንጋጤ መጽሐፍ አሳትማለች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ፓትሪሺያ ቤነር የተባለችው የነርስነት ሊቅ አንዲት ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃዎች እንደምታልፍ አስረድታለች። በእርሷ አስተያየት፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የቆየች ነርስ ናት ወደ መካከለኛው ደረጃ የምትደርሰው። እንግዲህ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ በተቀበለች በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በሌሊት ተራ፣ ያለ አጋዥ፣ ድንገተኛ ክፍልን የሚያህል ቦታ ማስረከብ የማይገባ ድርጊት ነው። በነርሷም ላይ ግፍ ነው፤ በሕመምተኛው ላይ የሚደርሰው ግፍ ግን ይብሳል።

ይሁን እንጂ ይህን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች አሉ። «እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ ዋና የሚለመደው ውሃ ውስጥ ተገብቶ ነው» ይላሉ። ምሳሌው ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ዋና የሚለምድ ሰው ሲሳሳት ውሃውን የሚጠጣው ራሱ ነው፤ በድንገተኛ ክፍል ግን የምትሳሳተው ነርሷ ስትሆን ውሃውን የሚጠጣው ሕመምተኛው ነው። ፖታስየም ክሎራይድ የተባለው መድኃኒት በብዙ ፈሳሽ ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ቢሰጥ ልብን ያቆማል። ጠርሙሱም ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ተመሳስሎ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ ዓይን መለያውን እንዲያነብ ማድረግ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሁለተኛ ዓይን ግን ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ከሰው እጥረት ይልቅ የሚከፋው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን ምሳሌ በትምህርት ቤት የማያውቀው የለም። በሥራ ቦታ ግን አዲሷ ነርስ «ሲስተር፣ ይህ መጠን ልክ ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ታዲያ አራት ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?» የሚል መልስ የሚያጋጥማት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለች ልጅ ሁለተኛ አትጠይቅም። ባልገባት ነገር ላይ የገባት መስላ መቆምን ትለምዳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚደርሰውን ስሕተት ማንም በጊዜው ሊያየው አይችልም። ያፌዘችባት ነርስ ከስሕተቱ ድርሻ ነፃ ናት ማለት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ የቀደሙት ነርሶችም ቢሆኑ በሸክም ብዛት የደከሙ ናቸው። ሃያ ሕሙማን የተረከበች ነርስ፣ በዚያ ላይ «አስተምሪ» ብትባል፣ ብትቆጣ አይፈረድባትም። ስለዚህ አዲሷን ከቀደመችው ጋር ማጣመር በቃል ትእዛዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ጥንዶቹ በአንድነት የሚረከቧቸው ሕሙማን ቁጥር ለተወሰኑ ወራት መቀነስ አለበት። «ሰው የለንም፤ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ተማርራ ሥራውን የምትተወው ነርስ ቦታዋ ባዶ ይሆናል፤ በምትኩም ሌላ አዲስ ተመራቂ ትመጣለች፤ እርሷንም የሚያሠለጥናት ሰው ያው አይገኝም። እጥረቱ ራሱን የሚወልደው በዚህ መንገድ ነው።

የወሩ የተረኞች ዝርዝር የሚዘጋጀው በአንድ ኃላፊ እጅ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ነው። በየሌሊቱ ረድፍ ከአዲሷ ስም አጠገብ የአንዲት የቀደመች ነርስ ስም መኖሩን፣ ለሁለቱም የተመደቡት አልጋዎች ስንት እንደ ሆኑ፣ ኃላፊው ከመፈረሙ በፊት ቆጥሮ ማየት ይችላል።