ምክንያቱ ያልተነገረ «አይቻልም»

ገደብ ፈቺ ሶፍትዌር የቀረቡለትን ቀመሮች መርምሮ «ይሟላል» ሲል የሚያሟላቸውን ምሳሌ አብሮ ይሰጣል፤ ማንም ሰው ምሳሌውን ወስዶ ሊያረጋግጠው ይችላል። «አይሟላም» ሲል ግን ብዙ ጊዜ ውይይቱ እዚያው ይቆማል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የቅራኔው እምብርት ያልቀረበበት «አይሟላም» በጥናት ውጤትነት ሊመዘገብ አይገባም የሚል ነው። የቅራኔ እምብርት የሚባለው ከገደቦቹ መካከል አብረው ሊሟሉ የማይችሉት ተለይተው የወጡበት ንዑስ ስብስብ ነው።

ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም ጀምሮ ከቃሊቲ ተነሥቶ በሳሪስና በነፋስ ስልክ በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ከምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ጋር ሐዲድ ይጋራል። ለማብራሪያ ያህል በአንድ አቅጣጫ አራት ደንቦች እናስቀምጥ፦ (ሀ) የቃሊቲው መስመር ባቡር በየ5 ደቂቃው ይለፍ፤ (ለ) የምሥራቅ–ምዕራቡም በየ5 ደቂቃው ይለፍ፤ (ሐ) በጋራው ሐዲድ ላይ በተከታታይ ባቡሮች መካከል ቢያንስ 3 ደቂቃ ይኑር፤ (መ) የመጀመሪያው ባቡር ከቃሊቲ ከጧቱ 12 ሰዓት ይነሣ። ፈቺው «አይሟላም» ይላል። እምብርቱ ሀ፣ ለ እና ሐ ነው፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ባቡሮች ቢያልፉ የሚያስፈልገው ክፍተት 6 ደቂቃ ነውና። መ ምንም ጥፋት የለበትም። እምብርቱን ያላየ ዕቅድ አውጪ ግን የመነሻ ሰዓቱን ሲያሸጋሽግ ሊውል ይችላል።

ችግሩ መሣሪያው ስለሌለ አይደለም። ሊዮናርዶ ዴ ሙራ እና ኒኮላይ ቢዮርነር በ2008 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዜድ-3 እምብርት ያወጣል፤ በነጻም ይገኛል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው አጠቃቀሙ ነው። ቀመሮቹን ከፋይል አንብበን በፕሮግራም መገናኛው በኩል እንዲሁ ብንጨምራቸው፣ ፈቺው «አይሟላም» ብሎ ባዶ እምብርት ሊመልስ ይችላል። ይህ ምክንያት የለም ማለት አይደለም፤ እምብርቱ የሚዘረዝረው መከታተያ ስም የተሰጣቸውን ገደቦች ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የተነበበ ቀመር ከራሱ መከታተያ ጋር መያያዝ አለበት። ደንቦቹ ሁሉ በ«እና» ተጣምረው አንድ ቀመር ከሆኑ ደግሞ አስቀድመው ይነጣጠሉ፤ አለዚያ እምብርቱ «ሁሉም ጥፋተኛ ነው» ከማለት አያልፍም። መለኪያው ግልጽ ነው፦ ሰው አንድ ደንብ ብሎ የሚጠራው አንድ ስም ይኑረው።

ይህ ሁሉ የማሽን ጊዜ ያባክናል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው፤ ፈቺው በመደበኛ አሠራሩ የሚሰጠው እምብርት የመጨረሻው ትንሹ ለመሆኑ ዋስትና የለም። አባላቱን አንድ በአንድ እያወጡ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱም ቅራኔው ከቀጠለ ያ አባል ይቀራል። ከአንድ በላይ እምብርት ስለሚኖርም አንዱን ማስታረቅ ሁሉን አያስታርቅም። ነገር ግን ማሽኑ የሚያጠፋው ሰዓት፣ ሰዎች የማይመለከተውን ደንብ ሲያሻሽሉ ከሚያጠፉት ወራት ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ፍርድ ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛል። የተረታው ወገን ይግባኝ ማለት የሚችለው የተረታበትን ሲያውቅ ነውና። የባቡር ሰሌዳ፣ የፈተና መርሐ ግብር ወይም የቦታ ድልድል በማሽን ሲወሰንም ተገልጋዩ ከዚህ ያነሰ ሊደርሰው አይገባም። ስለሆነም አማካሪ መምህራንና ፈታኞች «አይሟላም» የሚል ውጤት ለያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ስም የተሰጣቸው ደንቦች፣ ተፈትሾ የጠበበ እምብርት፣ እንዲሁም ከእምብርቱ የትኛው ደንብ ቢላላ ምን እንደሚከተል የሚገልጽ ትንታኔ።